የብር የምንዛሪ ታሪክ እንዴት ይነበብ?

«ዶላር ዛሬ ስንት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ከባንክ አዳራሽ ወጥቶ የመንደር ሰላምታ ለመሆን ጥቂት ቀርቶታል። በመካኒሳ በሚገኙ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች የሴራሚክ ወይም የቧንቧ ዋጋ የጠየቀ ሰው «ይህ የዛሬ ነው፤ የነገን አናውቅም» የሚል መልስ ይሰማል። ከውጭ አገር ልጇ የሚልክላትን ሀዋላ የምትቀበል እናት፣ ለውጭ ትምህርት የማመልከቻ ክፍያ የሚያሰላ ተማሪ፣ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት የሚሸምት ሕመምተኛ፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር ላይ ተስፋቸውን ወይም ስጋታቸውን ጥለዋል።

ይሁን እንጂ ስለዚህ ቁጥር የምንናገረውን ያህል እንዴት እንደሚመዘገብና እንዴት እንደሚነበብ አንነጋገርም። የምንዛሪ ዋጋ የሚለካ ነገር ነው። የሙቀት መጠን ሲለካ ቦታው፣ ሰዓቱና መለኪያው እንደሚገለጽ ሁሉ፣ የምንዛሪ ዋጋም ቀኑ፣ ገበያው፣ የመግዣ ወይም የመሸጫ መሆኑ ካልተገለጸ መረጃ ሊባል አይችልም። በመሆኑም ጉዳዩን ለኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ብቻ ትቶ መቀመጥ ለሳይንስ ፋኩልቲ ሰዎች አይገባም እንላለን። ከዚህ በታች የብርን የምንዛሪ ታሪክ እንደ ቤተ ሙከራ ወስደን፣ አንድ ተማሪ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡትን ነጥቦች እንዘረዝራለን።

ከአሞሌ እስከ 2.07

የምንዛሪ ዋጋ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የአሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል በነበረበት ዘመን፣ አንድ የማርያ ቴሬዛ ብር የሚያስገኘው የአሞሌ ብዛት ከጨው ማውጫው ከአፋር በረሃ በተራቀ ቁጥር ይቀንስ ነበር። ነጋዴው ሁለት ገንዘቦችን እያመዛዘነ የሚጓዝ የምንዛሪ አዋቂ ነበር ማለት ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም ውስጥ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ ዋጋው በዓለም ገበያ ከብር ማዕድን ዋጋ ጋር አብሮ ይወጣና ይወርድ ነበር።

የዛሬው የወረቀት ብር ታሪክ የሚጀምረው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1945) ነው። የብሩ ዋጋ በ5.52 ግሬን ወይም በ0.358 ግራም ያህል ንጹሕ ወርቅ ተወሰነ። በጊዜው የአሜሪካ ዶላር 0.889 ግራም ያህል ወርቅ ነበርና፣ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስናካፍል አንድ ዶላር 2.48 ብር ይሆናል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥራውን በጀመረበት በ1956 ዓ.ም. ዋጋው 2.50 ብር ተደረገ።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ለአንባቢ ጥሩ ፈተና ነው። በታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. ዶላሩ 2.30 ብር ሆነ፤ በየካቲት 1965 ዓ.ም. ደግሞ 2.07 ብር ሆነ። ሰንጠረዡን ብቻ የተመለከተ ሰው «ብር ጠነከረ» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገር ግን በእነዚያው ጊዜያት አሜሪካ የአንድ አውንስ ወርቅን ይፋዊ ዋጋ በመጀመሪያ ከ35 ወደ 38 ዶላር፣ ቀጥሎም ወደ 42.22 ዶላር አሳድጋ ነበር። 2.50ን በ35 አባዝተን ለ38 ብናካፍል 2.30 እናገኛለን፤ ለ42.22 ብናካፍል ደግሞ 2.07 እናገኛለን። ስሌቱ ልክ ገጠመ። ስለዚህ ብር በወርቅ ሲመዘን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሰው ዶላሩ ነው። የምንዛሪ ዋጋ የሁለት ነገሮች ምጣኔ በመሆኑ፣ ቁጥሩ ሲለወጥ ከሁለቱ የትኛው እንደተለወጠ በራሱ አይናገርም። ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

መቶኛው የማን ነው?

2.07 ብር ከ19 ዓመት በላይ ሳይነካ ከቆየ በኋላ፣ መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር በአንድ ጊዜ 5.00 ብር ሆነ። ይህን ለውጥ በመቶኛ ግለጹ ብንባል ሁለት መልስ አለን። የዶላሩ ዋጋ በብር ሲታይ በ141.5 በመቶ ጨመረ። የብሩ ዋጋ በዶላር ሲታይ ግን ከ48.3 ሳንቲም ወደ 20 ሳንቲም ወረደ፤ ይህም የ58.6 በመቶ ቅናሽ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት መነሻቸው ስለሚለያይ ነው። «ብር 141 በመቶ ዋጋውን አጣ» የሚል አነጋገር ግን ፈጽሞ ትርጉም የለውም። አንድ ነገር ካለው ዋጋ ከ100 በመቶ በላይ ሊያጣ አይችልምና።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል በቅርቡ ታሪካችን የሆነውን እንይ። ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ዶላሩ ከ13.6 ብር ገደማ ወደ 16.35 ብር ገደማ ከፍ ሲል፣ ለውጡን አንዳንዱ የ17 በመቶ፣ ሌላው የ20 በመቶ ነው ይል ነበር። የመጀመሪያው የብሩን መውረድ፣ ሁለተኛው የዶላሩን መውጣት መናገሩ ነበር። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዋጋው ከ23.4 ወደ 26.9 ብር ሲያድግ ደግሞ በስፋት የተነገረው ቁጥር 15 በመቶ ነበር፤ ይህ የዶላሩ መውጣት ነው፤ የብሩ መውረድ 13 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ የ2002ቱን 17 በመቶ ከ2010ሩ 15 በመቶ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር፣ አንዱን በሜትር ሌላውን በክንድ ለክቶ እንደማበላለጥ ነው።

የማዞሪያው ሕግ ቀላል ነው። ዶላሩ በመቶ ሀ ያህል ከወጣ፣ ብሩ የሚወርደው ሀን ለ100 ሲደመር ሀ አካፍለን በምናገኘው ያህል ነው። ዶላሩ በ100 በመቶ ሲወጣ ብሩ በ50 በመቶ ይወርዳል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ ይማረዋል፤ ትምህርቱ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግለዋል።

በሦስተኛ ሚዛን የሚመዘኑ ሁለት ገንዘቦች

ብዙ ጊዜ ሁለት ገንዘቦች በቀጥታ አይመነዘሩም፤ ሁለቱም በዶላር ተመዝነው አንዱ ለሌላው ይካፈላል። ይህ ዘዴ ጠቃሚ ቢሆንም ወጥመድ አለው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የደረሰውን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1997 ታይላንድ ባሕትን በገበያ እንዲወሰን ከመልቀቋ በፊት አንድ ዶላር 25 ባሕት ያህል፣ በኢንዶኔዢያ ደግሞ 2,400 ሩፒያ ያህል ነበር። ስለዚህ አንድ ባሕት 96 ሩፒያ ገደማ ማለት ነው። በቀጣዩ ጃንዋሪ ዶላሩ ከ50 ባሕት፣ እንዲሁም ከ10,000 ሩፒያ በላይ ሆነ። አንድ ባሕትም ወደ 200 ሩፒያ ተጠጋ። የሁለቱን ምጣኔ ብቻ የሚከታተል ሰው ባሕት እጥፍ ጠነከረ ብሎ ይጽፋል፤ እውነቱ ግን ባሕት ራሱ ከዋጋው ግማሽ ያህሉን ያጣ መሆኑ ነው። ሁለት ሰዎች ከደረጃ ሲወድቁ ዝቅ ብሎ ከወደቀው አንጻር ሌላው ከፍ ያለ ይመስላል።

በዚያው አካባቢ ተቃራኒ ምሳሌም አለ። ሲንጋፖርና ብሩናይ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገንዘባቸው አንድ ለአንድ እንዲመነዘር ተስማምተው እስከ ዛሬ አክብረውታል። የሁለቱ የምንዛሪ ታሪክ በግራፍ ላይ ቀጥ ያለ አግድም መስመር ነው። መስመሩን ያቀናው ግን ተፈጥሮ አይደለም፤ ስምምነትና የተጠበቀ እምነት ነው።

የእኛና የጎረቤታችን የኤርትራ ጉዳይ በዚህ መነጽር ሊታይ ይገባዋል። ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ያወጣችው በኅዳር ዋዜማ 1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1997) ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ በብር ትገበያይ ነበር። ናቅፋ ሲወጣ ከብር ጋር አንድ ለአንድ የታሰበ ነበር፤ ኢትዮጵያ በበኩሏ ከትናንሽ የድንበር ግብይቶች በቀር ንግዱ በውጭ ምንዛሪና በባንክ ሰነድ እንዲሆን ወሰነች። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ አንድ ለአንድ የሚለው ሐሳብም የተግባር መሠረት ሳይኖረው ቀረ። ከ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ወዲህ ናቅፋ በይፋ 15ቱ በአንድ ዶላር ተተምኗል። በዚያን ጊዜ ዶላር 8.7 ብር ገደማ ስለነበር በወረቀት ላይ አንድ ናቅፋ 58 ሳንቲም ያህል ነበር። ዶላር 57.5 ብር ሲሆን ያው ናቅፋ 3.83 ብር ሆነ፤ 125 ብር ሲሆን ደግሞ 8.33 ብር። ይህ ማለት ናቅፋ በሃያ ዓመት ከአሥር እጥፍ በላይ ጠነከረ ማለት ነው? አይደለም። አንዱ ቁጥር በሕግ ተቸንክሮ ሌላው ሲንቀሳቀስ፣ ውጤቱ የሚነግረን ስለ ሁለቱ መንግሥታት የምንዛሪ ፖሊሲ እንጂ በገበያ ማንም ሰው ስለተለዋወጠበት ዋጋ አይደለም።

አንባቢ እዚህ ላይ ሌላም ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ናቅፋ የወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ15 የተተመነው ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ነው። የዘመን አቆጣጠሩን ያልጻፈ ሰንጠረዥ እነዚህን ሁለት ክስተቶች በአንድ ረድፍ ላይ ያስቀምጣቸዋል።

አማካይ የሚሸሽገው፣ ሥዕልም የሚያሳስተው

የዘመን አቆጣጠር ነገር በዚህ አያበቃም። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ብር በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ክስተቱ በዘመን መቁጠሪያችን 2016፣ በበጀት ዓመት 2017፣ በአውሮፓውያን 2024 ነው። በሦስቱም ዓመታት ስም የተጻፈ ሰንጠረዥ ሊገኝ ይችላል፤ ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

አማካይም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የ1985 የበጀት ዓመትን እንውሰድ። ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 20 ያሉት 85 ቀናት በ2.07፣ የቀሩት 280 ቀናት በ5.00 ቢቆጠሩ አማካዩ 4.32 ብር ይሆናል። በዚያ ዓመት ግን በ4.32 ብር በይፋ ዶላር የገዛ አንድም ሰው የለም። አማካዩ ሰዎች ያዩትን የአንድ ሌሊት ዝላይ ወደ ለስላሳ ዳገት ይለውጠዋል። ከዚህም በላይ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ጨረታ ስለተጀመረ፣ ለተወሰነ ጊዜ የጨረታውና ይፋዊው ዋጋ ጎን ለጎን ሄደዋል። በጥቅምት 1994 ዓ.ም. ደግሞ የባንኮች የእርስ በርስ ገበያ ተተካ። ስለዚህ «ይፋዊ ዋጋ» የሚለው ስም በተለያየ ዘመን የተለያየ ነገርን ይጠራል።

ግራፍ ስንሥልም ተመሳሳይ አደጋ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዋጋው በመጀመሪያው ቀን ከ57.5 ወደ 75 ብር ገደማ ተወነጨፈ፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ዓመት ሳይሞላም ከ125 ብር በላይ ሆነ። ይህን በተራ ግራፍ ላይ ከ1937 ጀምሮ ብንሥለው፣ የመጀመሪያዎቹ አምሳ ዓመታት መሬት ላይ የተኛ መስመር ሆነው፣ የ1985ቱ ለውጥ እንደ ጠጠር ያነሰ እርከን ሆኖ ይታያል። ልዩነቱ 2.93 ብር ብቻ ነውና። በእጥፍ ስናስበው ግን 5.00 ለ2.07 ሲካፈል 2.42 ነው፤ 75 ለ57.5 ሲካፈል ግን 1.30 ብቻ። የ1985ቱን ያህል በእጥፍ ለመራቅ ዶላሩ ከ57.5 ተነሥቶ ወደ 139 ብር መድረስ ነበረበት። ስለዚህ በአንድ ቀን በደረሰ ለውጥ ሚዛን የ1985ቱ እጅግ ይበልጣል።

ይህን እውነት የሚያሳየን የሎጋሪዝም ግራፍ ነው። በእርሱ ላይ እኩል ርቀት እኩል እጥፍን ያመለክታል። ተማሪዎች «ሎጋሪዝም ለምን እንማራለን?» ብለው በየዓመቱ ይጠይቃሉ። መልሱ በየቤታቸው አለ፤ የቤተሰባቸው ገንዘብ ያለፈበት መንገድ በትክክል የሚታየው በዚህ መስፈርት ነውና። በዚሁ ስሌት ከመስከረም 1985 እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዋዜማ ዶላሩ ከ5.00 ወደ 57.5 ብር ማደጉ በዓመት በአማካይ 8 በመቶ ያህል ነው። በዘጠኝ ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ መደረጉን ከዚህ ጋር ያስተያየ ሰው፣ ቆጣቢው ለምን ገንዘቡን ወደ ብረትና ሲሚንቶ እንደሚለውጥ ለመረዳት አይቸገርም።

ከይፋዊው ቁጥር ባሻገር

ሁለት ነገሮች ግን በይፋዊው ሰንጠረዥ ውስጥ አይገኙም። የመጀመሪያው የትይዩ ወይም በተለምዶ የጥቁር ገበያ የሚባለው ዋጋ ነው። 2.07 ብር ሳይነካ በቆየባቸው የመጨረሻ ዓመታት በጓዳ የሚደረገው ግብይት ከዚያ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ይህን መመዝገብ ሕገ ወጥ ሥራን ማበረታታት አይደለም፤ ሐኪም ትኩሳትን የሚለካው ትኩሳቱን ወዶ አይደለም። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ክፍተት ራሱ ምልክት ነው።

ሁለተኛው የዋጋ ግሽበት ነው። ለምሳሌ ያህል ዶላር በ10 በመቶ ወጣ፣ በአገር ውስጥ ዋጋ በ30 በመቶ ናረ፣ በውጭ አገር ደግሞ በ2 በመቶ ብቻ ጨመረ ብለን እናስብ። 1.10ን በ1.02 አባዝተን ለ1.30 ብናካፍል 0.86 ይመጣል። ብሩ በባንክ ሰሌዳ ላይ ቢወርድም፣ የአገር ውስጥ ዕቃ በዶላር ሲተመን ተወድዷል ማለት ነው። ቡና ላኪው የሚያማርረው፣ ዕቃ አስመጪው የሚደሰተው በዚህ ጊዜ ነው። የባንክ ሰሌዳውን ብቻ ያየ ሰው የሁለቱን ስሜት ሊያስታርቅ አይችልም።

ምን ይደረግ?

«ይህ ሁሉ ምዝገባ የብረትን ዋጋ አያወርድም» የሚል ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነት ነው፤ አያወርድም። ነገር ግን የተሳሳተ ውሳኔን ያስቀራል። ስለ ገንዘባችን የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ በመነሻ ዓመት ምርጫ ላይ የቆመ ነው። ከ1965 የጀመረ ሰው የአንድን መንግሥት ጥንካሬ፣ ከ1985 የጀመረ የሌላውን ድካም፣ ከ2016 የጀመረ የሌላውን ጥፋት ወይም ድፍረት ያስረዳበታል። ሁሉም እውነተኛ ቁጥር ይዘው ሊሟገቱ ይችላሉ። ሙሉውን መስመር ያየ ተማሪ ግን «ለምን ከዚህ ጀመርክ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ትውልድ በቀላሉ አይወናበድም።

ስለዚህ ሦስት ሐሳቦችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሂሳብ ክበቦች የምንዛሪ መዝገብ ይክፈቱ። በየሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን፣ የአንድን ባንክ መግዣና መሸጫ ዋጋ፣ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይመዝግቡ፤ ከጎኑም በሠፈራቸው ሱቅ የአንድ ሊትር ዘይትና የአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ይጻፉ። በመካኒሳ የተጻፈው መዝገብ በባሕር ዳርና በደሴ ከተጻፈው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነገር እንደሚያስተምር መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛ፣ የሳይንስ ፋኩልቲዎች የስታቲስቲክስ ትምህርትን በባዕድ አገር ምሳሌዎች ብቻ ከማስተማር ይልቅ የብርን ታሪክ እንደ ቋሚ መልመጃ ይጠቀሙበት። የተቋረጠ ተከታታይ መረጃ፣ ድንገተኛ ዝላይ፣ የመለኪያ ለውጥ፣ ሎጋሪዝም፣ ሁሉም በእርሱ ውስጥ አሉ።

ሦስተኛ፣ ብሔራዊ ባንካችን ከ1937 ዓ.ም. እስከ ዛሬ ያለውን ዋጋ፣ እያንዳንዱ አሠራር የተለወጠበትን ቀን ከነማብራሪያው በማመልከት፣ ማንም ተማሪ ሊሠራበት በሚችል አንድ ወጥ ሰንጠረዥ ለሕዝብ ቢያቀርብ ትልቅ የአገር አገልግሎት ይሆናል።

አያቶቻችን የማርያ ቴሬዛን ብር ሲቀበሉ በእጃቸው ገልብጠው፣ ጌጧን ቆጥረው፣ ድምፁን አዳምጠው ነበር። የዛሬው ትውልድ የሚቀበለው ብረት ሳይሆን ቁጥር ነው። ቁጥሩንም ገልብጦ ማየት፣ ከየት ቀን እንደመጣ፣ በየትኛው ገበያ እንደተነገረ፣ በምን እንደተመዘነ መጠየቅ ይኖርበታል።